አውድማ ዳር የቆጠርኳቸው ንስሮች

ታኅሣሥ 10፣ ጠዋት 1፡20
ዐሥራ አራት። ዘጠኙ የታጨደው ማሳ ላይ፣ አምስቱ ባሕር ዛፉ ጫፍ። ጣቴ በውርጭ ደንዝዞ እርሳስ አልይዝ ብሏል። ንስሮቹ ምንም አልመሰላቸውም፤ ከሩቅ ሰሜን የባሰ ብርድ ሸሽተው ነው የመጡት። ደብተሬ፣ እስከ ጥር መጨረሻ አንድ ቀን ሳላጓድል እጽፍብሻለሁ። የማስተርስ ጥናቴ በሙሉ ያለው አንቺ ላይ ነው፣ እንዳትጠፊ። አሁን ወደ ት/ቤት፤ የመጀመሪያው ክ/ጊዜ ባዮሎጂ ነው፣ የእኔ።

ታኅሣሥ 12፣ ጠዋት
ተናድጃለሁ። ጎረቤታችን አያ ይኸነው መጡ። አውድማቸው ከአባቴ ከአባየ አውድማ አጠገብ ነው። እህሉ ሳይወቃና ሳይሰፈር አውድማ ዳር ቆጠራ በረከት ያርቃል አሉ። የምቆጥረው ወፍ ነው አልኳቸው። በረከት ምን እንደሚቆጠር አይለይም አሉኝ። አባየ መሬት መሬት ያያል። የእሱ ዝምታ ከእሳቸው ንግግር በላይ አቃጠለኝ።
እሺ፣ ሃምሳ እርምጃ ራቅሁ። ከዚያ በላይ ንቅንቅ አልልም። ዛሬ ዐሥራ ሦስት።

ታኅሣሥ 14፣ ከት/ቤት መልስ
አያ ይኸነው ከደምበጫ ገበያ ጠርሙስ ይዘው ገቡ። የተባይ መርዝ። በገብስ ንፍሮ ለውሰው ክምራቸው ዙሪያ ሊበትኑት ነው፣ ለአይጥ። በገብርኤል ማግስት። ከዚያ ደቦ ጠርተው ሊወቁ።
አይጡ መርዙን ይበላል፣ ንስሩ አይጡን ይበላል። ይህንን ዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ።
ክፉ ሰው አይደሉም። ልጅ ሳለሁ ወንዝ ሲሞላ በትከሻቸው ያሻገሩኝ እሳቸው ናቸው። አምና ከክምራቸው ግርጌ አይጥ ያልቆረጠመው ነዶ አልተገኘም። ይህንንም አውቃለሁ። ቢሆንም አይሆንም።

ታኅሣሥ 15፣ ጠዋት
ሄድኩባቸው። ሳሰላስለው ያደርኩትን በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ።
«አያ፣ ቆጠራ በረከት የሚያርቅ ከሆነ የአይጡን በረከት ላርቅልዎት። ንስር የሚያነሳውን አይጥ አንድ በአንድ ልቁጠርበት።»
ከልባቸው ሳቁ። ጢማቸውን እያሻሹ፣ በይ እስከ ገብርኤል ቁጠሪ፣ መርዙን ከዚያ እናያለን አሉኝ። ጠርሙሱን ወስደው ጎተራቸው ላይ ሰቀሉት። ደብተሬ፣ ያሸነፍኩ መሰለኝ። ዛሬ ስድስት አይጥ፣ ዐሥራ ስድስት ንስር።

ታኅሣሥ 18
4ኛ ቀን። አይጥ በድምሩ ሃያ ሰባት። አያ ይኸነው አጠገቤ ቆመው በጣታቸው ይቆጥራሉ፤ ዞር ስል እጃቸውን ጋቢው ውስጥ ይከታሉ። የሩቅ ማያ መነጽሬን ሰጠኋቸው፤ ገልብጠው አይተው ንስሩ አነሰብኝ አሉ። ወደድኳቸው። ነገ ጠርሙሱን የሚጥሉት ይመስለኛል።

ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል፣ ከሰዓት
ከቤ/ክ ስንመለስ መንገድ ላይ ነገሩኝ።
«ንስርሽ ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። ግን ሲመሽ ይተኛል። የማታውን አይጥ ማን ይበላልኛል?»
ነገ ጠዋት ንፍሮው ይበተናል። ጉጉት አለ ልል አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት፤ ጉጉት ሲጮህ ሟርት ነው ብሎ ድንጋይ ለሚወረውር ሰው እንዴት ይነገራል። ደግሞስ መርዙ ጉጉቱን ይምረዋል?
ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። በንዴት ነው፣ በሌላ አይደለም። አባየ ሰምቶኛል። በስስ ግድግዳ ሁሉ ይሰማል።

ታኅሣሥ 20፣ ንጋት 12፡10
ቆርጫለሁ፤ ሌሊቱን ድምፄን አውጥቼ ለራሴ ስደጋግመው ነው ያደርኩት። በእኛ ሰፈር ሴት አውድማ አትረግጥም። ከረገጠች አውድማው እንደገና በእበት ሳይለቀለቅ አይወቃበትም። ስለዚህ አያ ይኸነው አውድማ መሃል ገብቼ፣ ክምሩ ሥር እቀመጣለሁ። ንፍሮውን ከበተኑ እግሬ ሥር ይበትኑት። ደቦው ይመለስ። ይርገሙኝ። ሰፈሩ ዓመቱን ሙሉ ያውራብኝ። አልነሳም።

12፡25
በርጩማ ፈልጌ አጣሁ። አባየም አልጋው ላይ የለም። በሩን ከፍቼ አየሁ። አያ ይኸነው አውድማ ላይ ነው፤ በርጩማውን በትከሻው ተሸክሟል። አያ ይኸነው ይጮሁበታል። እሱ ቀና ብሎ አያያቸውም። መሃል ላይ አስቀመጠው፣ በመዳፉ አቧራውን ጠረገልኝ፣ ወደ ቤት ዞሮ ቆመ። እየጠበቀኝ ነው። ጫማዬን አውልቄ እየሄድኩ ነው።