ማኅተሙ አልተነካም

ለተከበሩ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ለወግ ያህል እንዳይመስልዎ፤ ከልቤ ነው የምጠይቀው፣ ምክንያቱንም ደብዳቤዬን እስከ መጨረሻው ቢያነቡልኝ ይደርሱበታል። እኔ በአምቡላንስ ስምሪት ክፍል ስልክ እያነሳሁ መኪና የምልክ፣ አሥራ አንድ ዓመት ያገለገልኩ ሠራተኛ ነኝ። የመምሪያውን ንብረት ያለፈቃድ ነክተሻል ተብዬ የፊታችን ሐሙስ እርስዎ በሚመሩት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። እዚያ እንድናገር የተፈቀደልኝ አምስት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ የቀረውን በአደባባይ ልጽፍልዎ ወደድኩ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል ነገር ሊደርስ እንደሚችል ሥራዬ ስላስተማረኝ ግን ጊዜው አነሰኝ ብዬ አላማርርም።

አንደኛ፣ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ሲሉ፣ ለአምስት ደቂቃ ማውሱ ያልተነካ ኮምፒውተር ሁሉ እንዲተኛ ላስተላለፉት መመሪያ ምስጋናዬ ይድረስዎ። የክፍላችን ኮምፒውተር መመሪያ አክባሪ ነው፤ በሰዓቱ ይተኛል፣ ስንቀሰቅሰውም ይነቃል። አብሮት የሚተኛው፣ አምቡላንሶቹ የት የት እንዳሉ በካርታ የሚያሳየን ትልቁ ስክሪን ግን አይነቃም። ማውሱን ቢያንቀሳቅሱ፣ የኪቦርዱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቢደበድቡ፣ ስክሪኑን በራሱ ማብሪያ ቢያጠፉት ቢያበሩት፣ «ምልክት የለም» ብሎ እንደጠቆረ ይቀራል። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር፤ ግድግዳ ላይም እንደምትሰቀል ያወቅሁት በእርስዎ ዘመን ነው።

ሁለተኛ፣ ሦስት ጊዜ ስለላኩልን ቴክኒሻን አመሰግናለሁ፤ ጨዋ ሰው ነው። በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ፣ ለእኛ ባልተሰጠን የይለፍ ቃል እንደ አዲስ ያስነሳዋል፤ እንደ አዲስ ሲነሳ ደግሞ ስክሪኑም አብሮ ይበራል። ከዚያ ይኸው ይሠራ የለም ወይ ይለንና «ብልሽት አልተገኘም» ብሎ ፈርሞ ይሄዳል። እባክህ አምስት ደቂቃ ተቀመጥና ተኝቶ ሲነሳ እየው ብለን ብንለምነው፣ ለአንድ ክፍል የተፈቀደለት ጊዜ አራት ደቂቃ መሆኑን በትሕትና አስረዳን።

ሦስተኛ፣ መድኃኒቱን ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛችን ናት። ወለሉን ስትወለውል የስክሪኑን ኬብል ሳታስበው ነቀለችውና ደንግጣ ብትመልሰው ስክሪኑ ቦግ አለ። ከዚያ ወዲህ ነቅሎ፣ እስከ አሥር ቆጥሮ መልሶ መሰካት እንደሚያነቃው አረጋግጠን ለመምሪያዎ በጽሑፍ አሳወቅን። እርስዎም ሳይውሉ ሳያድሩ ኬብሉ የሚሰካበትን ቦታ በማኅተም አሽገው «የነካ ይጠየቃል» የሚል ወረቀት አስለጠፉበት። ኮምፒውተሩ ጭራሽ እንዳይተኛ ብለን ማውሱን በሲባጎ ከሚዞር ቬንቲሌተር ጋር ብናስረው ደግሞ፣ ቬንቲሌተሩ ያልተመዘገበ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሆኖ ተገኘና ተወሰደ። ማውሱን አልወሰዱብንም፤ ለዚህም ምስጋናችን የላቀ ነው።

አራተኛው ላይ ግን የማቀርብልዎ ምስጋና አጣሁ።

ባለፈው ወር፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ሴት ደውላ አባቷ ወጥ ቤት ውስጥ መውደቃቸውንና ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ መሆኑን ነገረችኝ። ስክሪኑ ጥቁር ነበር። እጄ ኬብሉ ጋ ደርሶ ማኅተሙን ሲያይ ተመለሰ። የሁለት ልጆች እናት ነኝና እንጀራዬን ፈራሁ፤ ይህንን ስጽፍልዎ አፍራለሁ። ዘጠኙን ሾፌሮች አንድ በአንድ ጠርቼ የት ናችሁ የምልበት ጊዜ ስላልነበረኝ፣ በግምት አንዱን መኪና ላክሁ፤ ለካ ከድልድይ ማዶ ኖሯል። ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ሴትየዋ ሃያ ሁለቱንም ደቂቃ ስልኩን አልዘጋችም፤ መጨረሻ ላይ አባባ፣ አባባ ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ቴክኒሻኑ መጥቶ ስክሪኑን ሲያበራው፣ ሥራ ያልያዘ አምቡላንስ ከቤታቸው ሁለት መንገድ ብቻ ርቆ ቆሞ እንደነበር አየን።

ሽማግሌው አልተረፉም። ማኅተሙ ግን አልተነካም።

ክሱ ላይ እንደተጻፈው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ማኅተሙን ስድስት ጊዜ ቀድጃለሁ፤ እርስዎም ስድስት ጊዜ አዲስ አስለጥፈዋል። ክሱ እውነት ስለሆነ ምስክር በመጥራት አይድከሙ። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ቢያባርሩኝም እንኳ የዚያን ክፍል ኮምፒውተር አያስተኙት። በእኔ ወንበር ነገ የምትቀመጠው ልጅ እጇ ኬብሉ ጋ ደርሶ እንዳይመለስ።

ኤሌክትሪክ በመቆጠብ ያሳዩት ትጋት በሁሉም ዘንድ እንዲታወቅልዎ ከመመኘት ጋር፣ በታላቅ አክብሮት፣ አንድ እጇን ስልኩ ላይ አንድ እጇን ማውሱ ላይ አድርጋ የምትውለው ታዛዥዎ፣

የስምሪት ክፍል ሠራተኛ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ከቢሮዎ ስልክ ተደውሎ ነበር። ጸሐፊዎ እያለቀሱ፣ ኃላፊያችን ደረታቸውን ይዘው ወለሉ ላይ ወድቀዋል አሉኝ። ስክሪኑ ተኝቶ ነበር። ማኅተሙን ቀድጄ፣ ነቅዬ፣ እስከ አሥር ቆጥሬ ሰካሁት፤ መኪናው በአራት ደቂቃ ደረሰልዎ። ተሽሎዎት ሐሙስ ወደ ሥራ እንደሚመለሱ ስሰማ በእውነት ደስ ብሎኛል። ይህ ሰባተኛው ጥፋቴ ስለሆነ ከመዝገቡ እንዳይጎድል ቅጹን ሞልቼ አያይዤልዎታለሁ። «ንብረቱ የተነካበት ምክንያት» የሚለውን ቦታ ብቻ ባዶ ትቼዋለሁ፤ እሱን በእጅዎ ይሙሉት።