በቁም የተለመነ ሙሾ

ኅዳር 4

የሺአረግን ትናንት ከሆስፒታል አመጧት። ልጇ ባምላክ በባጃጅ እስከ በሩ ድረስ አስገብቶ አቅፎ አወረዳት። ጎበዝ ልጅ ነው... ከጨርቃ ጨርቁ ፈቃድ ወስዶ እናቱን እያስታመመ። ሚስቱ ደግሞ አራስ ናት፣ መራዊ እናቷ ዘንድ። የሺ የልጅ ልጇን ገና አላየችም። ሐኪሞቹ ምን አሉ ብሎ ሰው ሲጠይቀው፣ እቤቷ ትረፍ ብለዋል ይላል። እቤቷ ትረፍ... ይኼ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አለ?

ሾርባ ሠርቼ ወሰድሁላት። ሁለት ማንኪያ ቀምሳ፣ ጨው የለውም አለች። ጨው ተከልክለሻል አልኋት።

«ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንሽ? ቴአትር ላይ ነርስ ሆነሽ ሠርተሽ ይሆናል» ብላ ሳቀች።

ሳቋ አልታመመም።

ኅዳር 7

አዲሱን ተውኔት ጀመርን። አዘጋጁ ጌትነት የሚባል ልጅ ነው፣ ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ያስተምራል። ዘፈኑ ከንግግሩ ይበልጣል። ታሪኩ ታንኳው ተገልብጦ ጣና የበላው ልጅና እናቱ ናቸው። እናቲቱ እኔ ነኝ። መጨረሻ ላይ ባዶ ታንኳ ይገባል፣ እኔ ሙሾ አወርዳለሁ፣ መጋረጃ።

ታንኳው ተመለሰ ቀዛፊው የት ቀረ፣
ባሕሩ ዝም አለ ማንን እየቀበረ።

«ሰውን የሚያስለቅሰው የእርስዎ ድምፅ ነው፣ እትዬ ሰብለ» አለኝ ጌትነት። ደስ አለኝ። በዚህ ዕድሜ መመስገን ጥሩ ነው...

ኅዳር 9

ጉድ ሆነ ዛሬ። ልብስ እያጠብሁ ያንን ግጥም ሳንጎራጉር፣ የፊት ለፊቷ ሴትዮ ጥቁር ነጠላዋን ደርባ እየሮጠች መጣች። «መቼ ዐረፈች?» አለችኝ። ኧረ የሺ ደኅና ናት ብዬ መለስኋት። እሷም አፈረች፣ እኔም አፈርሁ። የእኔንና የየሺን ቤት የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። በሽተኛ ካለበት ግድግዳ ሥር ሙሾ ይለማመዱታል እንዴ? ሟርት ነው።

ከእንግዲህ ሐይቁ ዳር ሄጄ ነው የምለማመደው።

ኅዳር 12

ሐይቁ ዳርም አልቀናኝ። አንድ ዓሣ አጥማጅ መረቡን እየጠገነ ሰማኝና፣ እናቴ ማን ሰጥሞብዎት ነው አለኝ። ቴአትር ነው ብዬ ነገርሁት። ጀልባውን ከአጠገቤ ጎትቶ ወሰደ። «ታዲያ ቴአትሩን ከቴአትር ቤት። እኛ እዚህ ውሃ ላይ ነው የምናድር» አለኝ። እውነቱን ነው። ትንሽ ወደዚያ ራቅሁለት።

ኅዳር 16

የሺ ዛሬ እጄን ይዛ አልለቅ አለች። ሐይቁ ዳር እየሄድሁ እንደማለቅስ ባምላክ ነግሯታል።

«የእኔንስ መቼ ነው የምትለማመጅ?» አለች።

የምትቀልድ መሰለኝ። ቀልድ አልነበረም።

«ስሞት ታለቅሺልኝ የለ? አሁን አልቅሺልኝ። ልስማው።»

የሺ ሙች ተይ፣ በቁም ሰው ሙሾ ይወረዳል ወይ አልኋት። ምን እንዳልሁ የገባኝ ካልሁ በኋላ ነው። «ሙች» ብዬ... እሷ ግን እስኪያስላት ሳቀች። ሳሉ ሲለቃት፣

«ዕድሜዬን ሙሉ ስቀበልሽ ኖርሁ፣ ሰብልዬ። ለእኔ ብለሽ አንድ ቀን እንኳ አውጥተሽ ታውቂያለሽ?»

ቴአትሩ ይመረቅና አልኋት። ይመረቅና... እንዲያው ከአፌ ወጣ።

ኅዳር 17

እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ትናንት ያለችው ነገር... እውነቷን እኮ ነው።

መራዊ ቀበሌ ኪነት ስንገባ ሁለታችንም ጡት አላወጣንም። እኔ አውጪ፣ እሷ ተቀባይ። ከበሮውም የእሷ ነበር። በመርከብ ወደ ጎርጎራ ስንሻገር ማዕበሉ ሲያስታውካት፣ ከበሮው እንዳይርስባት ጋቢዋን ለእሱ አልብሳ እሷ በብርድ ተንቀጠቀጠች። ያን ዕለት ማታ ስንዘፍን እኔ ግጥም ጠፋኝ። ተቀብላ ተቀብላ፣ እስኪመጣልኝ ድረስ ዜማውን ብቻዋን ይዛ ቆየችልኝ። ሕዝቡ ለእኔ አጨበጨበ።

በኋላ ባሕር ዳር ሙዚቃዊ ተውኔት ሊሠሩ ሰው ሲመርጡ እኔን ወሰዱ። እሷን «ድምፅ አላት፣ ፊት የላትም» አሏት። እዚያው ፊቷ። «ፊቴን መራዊ ረስቼው መጥቼ ነው» ብላ አሳቀቻቸው። የኮሌጅ ወጥ ቤት ተቀጠረች። እኔ መድረክ ላይ ሙሽራ ሆንሁ። ከዚያ ሚስት፣ ከዚያ አማት። ከሙሽራ ጀምሬ ይኸው ሐዘንተኛ ላይ ደረስሁ። ለእያንዳንዱ ምርቃት ግን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ዘፈኑን በከንፈሯ እየተቀበለችኝ...

ኅዳር 28

ሽንኩርት ስከትፍ ሳላስበው መጣ፦

አረጉ ሲነቀል አጥሩ ዘመመ፣
ተቀባዬ ሄዳ ዜማዬ ታመመ።

አማተብሁ። በስሟ መጣ እኮ። ስሟ የሺአረግ፣ የሺህ ሐረግ። ቢላውን አስቀምጬ ወደ እሷ ልሂድ አልሁ... በሩ ድረስ ሄድሁ። ብትሰማውና ያን ዕለት ብትሞትስ? ሰው ምን ይለኛል? ባምላክስ?

ተመለስሁ። ሽንኩርቱን ጨረስሁ።

ታኅሣሥ 5

እማሆይ ወለተ ሩፋኤል የሺን ሊጠይቁ መጥተው እኔም ቤት ገቡ። ለሕያው ሰው ሙሾ ማውረድ ኃጢአት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ማን እንደለመነኝ አልነገርኋቸውም፣ እሳቸው ግን ወደ ግድግዳው አዩ።

«ልጄ፣ ሞት በግጥም ተጠርቶ አይመጣም። የለመነችሽን ስጫት» አሉ።

ከምርቃቱ በኋላ እሰጣታለሁ። የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ነው ምርቃቱ፣ ሩቅ አይደለም። ጌትነት ዛሬም ያንኑ ደገመልኝ፣ ሲያለቅሱ ፊትዎን ወደ ሕዝቡ። ይኼን እኮ ስንቱ አዘጋጅ ነው የነገረኝ። ፊት ወደ ሕዝብ፣ የግጥሙን ቤት ከመድፋትሽ በፊት ትንሽ ዝም። ዱሮ አልችልበትም ነበር፣ ዛሬ ሳያስቡት ይመጣል።

ታኅሣሥ 13

ተመረቀ። አዳራሹ ሙሉ ነበር። ሰው አለቀሰ።

መጋረጃ ሲዘጋ የባምላክን ጥሪ አየሁ። ደጋግሞ ደውሏል። እኔ ታንኳው ላይ ሳለቅስ ነው የሺ ያረፈች።

ታኅሣሥ 14

ቀበርናት።

አስከሬኗ ከቤት ሳይወጣ ሴቶቹ ወደ እኔ ተመለከቱ። አንቺ አውርጅላት አሉ። ተነሣሁ። ያንን የአረጉን ግጥም አወጣሁት። ድምፄ አልከዳኝም... ምናለ በከዳኝ። ቤቱን ልደፋ ስል ትንሽ ዝም አልሁ። እጄ በራሱ ተነሣ። ፊቴ ወደ ሰዉ ዞሯል። አስከሬኑ ከኋላዬ ነው።

አንዲት ልጅ በስልኳ ትቀርጸኛለች። ከጎኗ ያለችው «አቤት ስትችልበት» ስትል ሰማሁ። የሚያለቅስ ጠፋ። ሁሉም ያየኛል። እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ቀስ ብለው ነጠላዬን ሳብ አደረጉኝ።

«ወደ እኛ ምን ታዪያለሽ፣ ልጄ? የሺአረግ ያቻት።»

ዞርሁ። ሳጥኑን ሳይ አንድ ስንኝ እንኳ አልመጣልኝም። ቆምሁ... ቆምሁ። አንዲት የማላውቃት የወጥ ቤት ጓደኛዋ፣ ድምፅዋ እንደ ቁራ የሚጮህ፣ «የሺ፣ ድስቱን ለማን ጥለሽው?» ብላ ጀመረች። ቤቱ ሁሉ በአንዴ አለቀሰ።

ታኅሣሥ 17

ምንም የለም ዛሬ። ግድግዳው ዝም ብሏል።

ታኅሣሥ 20

ጌትነት ለመነኝ፣ ቲኬቱ ተሽጧል ብሎ። ሄድሁ።

እንዴት እንደሠራሁት አላውቅም። መጨረሻው ላይ ታንኳው ሲገባ ጀርባዬን ለአዳራሹ ሰጠሁ። ታንኳው ውስጥ ምንም የለም፣ የተሠራበት ደንገል ብቻ። የተውኔቱ ልጅ ስም ጠፋኝ። የሺ ብዬ ጠራሁ። የጽሑፉን ግጥም አላወጣሁም። ስለ ከበሮው፣ ስለ ጋቢው፣ ጨው ስለሌለው ሾርባ... ያልገጠመም ነበረበት። አውጥቼ ተቀባይ ስጠብቅ የሚቀበል የለም። ተቀባዮቹ ልጆች አያውቁትማ።

ከዚያ አዳራሹ ያሉት አጨበጨቡ። ቆመው።

ጌትነት ከመጋረጃው ኋላ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። ያልተለማመድነው ነው፣ ግን ይህ ነው ቴአትር አለኝ። ከነገ ጀምሮ እንዲሁ እንሥራው፣ ጀርባዎን ሰጥተው፣ ስሙንም የሺ እንበለው፣ አለ። ክፋት የለውም ልጁ። እኔ ግን ልብሴን ቀይሬ ወጣሁ። የሌላ ሰው ሐዘን ስሸጥ የኖርሁ ሴትዮ፣ ይችን ግን...

ጥር 2

ጌትነት ደወለ። እንቢታዬን ተቀብሏል፣ የእናቲቱን ቦታ ቃልኪዳን ትሥራው አለ። ከተቀባዮቹ አንዷ ናት ቃልኪዳን፣ ገና ልጅ እኮ፣ እኔ ሙሽራ ስሆን በነበርሁበት ዕድሜ። ከሰዓት እሷው ራሷ መጣች፣ እንዳሳያት። ምን ላሳይሽ አልኋት። «እንዴት እንደሚያለቅሱ» አለች። እናትሽ አለች ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አለች፣ እንጅባራ። ሂጂ ደውዪላት፣ ደኅንነቷን ጠይቂያት፣ የምትወጂላትን ነገር ንገሪያት አልኋት። ግራ ገባት መሰል፣ ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች።

የእድር ሴቶች ሊያስታርቁኝ ይመስል ሁለት ሆነው መጡ። የቀብሩን ነገር አላነሡም። ስለ ጤፍ አወሩ።

ወደ ማታ ገደማ ባምላክ መጣ። ሚስቱን ከነሕፃኗ ከመራዊ አምጥቷል። ልጅቱን አሳቀፈኝ። ስሟን የሺ አላሉም፣ ወንጌላዊት አሏት። ጥሩ አደረጋችሁ አልሁት። የታኅሣሥ ሃያው ቴአትር ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ እንደነበር ያን ጊዜ ነገረኝ። ስሟን ስጠራ ሰምቷል።

ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«አምሮ ነበር እትዬ» አለ። «እሷ ግን መስማት ነበር የፈለገችው።»

አውቃለሁ አልሁት።

ሕፃኗ ጣቴን ይዛለች። ከዚያ እንደ ተራ ወሬ አድርጎ፣ «ከልምምድ የምትመለሺበት ሰዓት ሲደርስ በሩን ክፈቱልኝ ትል ነበር። ስታልፍ ትሰማኝ ይሆናል፣ ትገባ ይሆናል ብላ» አለ።

እኔ እኮ እንዳልቀሰቅሳት ጫማዬን አውልቄ ነበር የማልፈው።