ደሴ ሙሉ ሰው የሆነበት ቀን

ለተከበሩ የወረዳችን ዓቃቤ ሕግ፣
ቢሮዎ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ባለቤትዎም ልጆችዎም እንደምን ከረማችሁ እላለሁ። በወንድሜ በደሴ ዋለ ላይ ክስ ለማዘጋጀት ሲደክሙ ሰንብተዋልና ጤንነትዎ ያሳስበኛል። እኛ እንኳ ደሴ ከታሰረ ወዲህ እናታችን እህል አልቀምስ ከማለቷ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ደሴ ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ አእምሮው ግን ከስድስት ዓመት ልጅ አይበልጥም። ከበዓላት ሁሉ የሚወደው መስቀልን ነው። ዘንድሮ በመስቀል ሰሞን ትኩሳት ጥሎት ስለነበር ደመራው አመለጠው። ከዚያ ወዲህ ደመራው መቼ ነው እያለ ሲጠይቀን፣ እኛም ይደርሳል እያልን ስናባብለው ከረምን። በኅዳር መጨረሻ ጎረቤታችን አቶ ካሳ ገብሳቸውን አጭደው አውድማው ላይ ከመሩ። ደሴ ክምሩን ሲያይ የተባለው ደመራ የደረሰ መሰለው፤ በጠራራ ፀሐይ ሦስት ጊዜ ዞሮት፣ «እዮሃ!» እያለ አገሩን ጠርቶ ለኮሰው።

ከዚህ በመነሳት ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ስለ ቃሉ እጅግ አመሰግናለሁ። ልጆች ሳለን ሰፈርተኛው ደሴን «ጅል» ይለው ነበር። ቀጥሎ ከከተማ የመጡ ሰዎች «ዘገምተኛ» በሉት አሉን። ባለፈው ዓመት ደግሞ እርስዎ ራስዎ አዳራሽ ሰብስበውን፣ ሁለቱም ቃላት ክብር የሚነኩ ስለሆኑ በቢሮዎ መዝገብ ዳግመኛ እንደማይጻፉ፣ ከእንግዲህ «የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው» እንደሚባል ነገሩን። ከልቤ አጨበጨብኩ። ያ የድሮው ቃል እናቴን በየገበያው ሲያስለቅሳት አይቻለሁና ጭብጨባዬ የይስሙላ አልነበረም። ስሙ እንዲህ ያማረው ደሴ እንዳይደርስበት መሆኑ የገባኝ ዘንድሮ ነው።

፪. ቢሮዎ እንዳስረዳን፣ ከተጠያቂነት የሚያድነው አዲሱ ስም የሚሰጠው ውስንነቱ ከልጅነቱ የጀመረ መሆኑን ከትምህርት ቤት በተጻፈ ማስረጃ ላረጋገጠ ሰው ነው። እናቴ ደሴን በሰባት ዓመቱ ትምህርት ቤት ወስዳው ነበር፤ ርዕሰ መምህሩ ለጅል የሚሆን ወንበር የለንም ብለው መለሷት። በድሮው ቃል ስለተባረረ ለአዲሱ ቃል የሚሆን ወረቀት አጣ። ተምሮ ያልወደቀ ሰው መማር እንደማይችል በምን ይታወቃል ማለትዎ ከእርስዎ የሚጠበቅ ጥልቅ አስተያየት ነው።

፫. ክምሩን ሦስት ጊዜ መዞሩ «አስቦና አቅዶ» ለመፈጸሙ ማስረጃ ሆኖ በክሱ ላይ ሰፍሯል። እንዲህ ከሆነ በየዓመቱ መስከረም ላይ ደመራ የምንዞር ሁሉ፣ ቀሳውስቱን ጨምሮ፣ ነጭ ለብሰው ከፊት የሚቆሙት እርስዎም ሳይቀሩ፣ አብረን መጠየቃችን ነው። የተጎዱት አቶ ካሳ ግን በነፍስ አባታችን በቄስ ዘካርያስ ፊት ይቅር ብለውታል፤ ሰፈርተኛውም ከየአውድማው ገብስ አዋጥቶ ተክቶላቸዋል። ደሴን ያወቁት ከተወለደ ጀምሮ ስለሆነ ወረቀት አልጠየቁትም።

የሚቀጥለውን ቁጥር አልሰጠውም፤ ስለሚያንገበግበኝ እንዲሁ ልናገረው። የአባታችን መሬት ሲከፋፈል ደሴ ማረስ አይችልም ተብሎ ታለፈ። መታወቂያ ሊያወጣ ሲሄድ መፈረም አይችልም ተብሎ ተመለሰ። በሬያችን ሲሰረቅ ሌባውን በዓይኑ አይቶ ሳለ፣ የእሱ ምስክርነት አይታመንም ተባለ። ዕድሜውን ሙሉ ጎደሎ ሲባል ኖሮ፣ ክምር በተቃጠለ ቀን ያለ አንዳች ወረቀት ሙሉ ሰው ሆነ። ለዚህ ሹመት ቤተሰቡ በሙሉ ምስጋናውን ያቀርብልዎታል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከመጪው ቀጠሮ በፊት ባሕር ዳር ካለ ሐኪም ዘንድ ተወስዶ ይመርመርልን። ስሙን የፈለጉትን ይበሉት። እናቴ ያስለቅሳት በነበረው ቃል ቢጠራም ዛሬ ግድ የላትም፤ ልጇ ቤቱ ይግባላት እንጂ።

ከወንበርዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ሌላ የተሻለ ስም እስኪወጣልን በአሮጌው የምጠራ፣

ሰርኬ ዋለ
የሙሉው ሰው እኅት

ማሳሰቢያ፦ ደሴ ጥፋቱን «አዎ» ብሎ አምኗል ተብሎ ቃሉ መያዙን ሰማሁ። ባለፈው እሑድ ስንቅ ይዤለት በሄድኩ ጊዜ እኔም ሞከርኩት። ክረምት ላይ ጎርፍ የወሰደውን ድልድይ የናድኸው አንተ ነህ ብዬ ብጠይቀው አዎ አለኝ። ከቢሮዎ ግቢ የጠፋውን ሞተር ሳይክል የወሰድኸውስ ስለው፣ አሁንም አዎ። ስለዚህ ያልተቋጩ መዝገቦች ካሉዎት ይዘው ብቅ ይበሉ፤ ሁሉንም በአንድ ጠዋት ይጨርስልዎታል። በመጨረሻ ቤትህ መሄድ ትፈልጋለህ ብዬ ጠየቅሁት። አዎ አለ። ይህንን ቃሉን ግን የያዘለት የለም።