«ጨው የለውም!» ያላት ማን ነው?

ሰኞ፣ ኅዳር 3

«አፍህ ከሥራህ ይቀድማል» ትለኛለች! እኔን! በዚህ ሰፈር የከባድ መኪና ጎማ ብቻውን ፈቶ ብቻውን የሚገጥም ማን አለ? ካለ ይምጣና እንተያይ። ያረጀ ቡሎን እኔን ሲያየኝ ራሱ ይላላል። እና እናቴ ይሄን የምትለኝ ለምንድነው? ለዚያ ሽማግሌ ተቆርቁራ። «ጃንጥላው» ብዬ ስለጠራሁት። ታዲያ ምን ልበለው? ጠብታ በሌለበት፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ጃንጥላ ይዞ የሚዞር ሰው...

የአባቴ የጦር ጓደኛ ነኝ ባይ ነው። ባሕር ማዶ አብረን ዘመትን ይላል። አባቴ ሲሞት ግን የት ነበር? ቀብር ላይ አላየሁትም። («ታምሜ ተኝቼ ነበር።» እሺ... ሁሉም ታሞ ነው።) ከክረምት ወዲህ በየማክሰኞው ምሳ እኛ ቤት ሆኗል። ዳቦ ይዞ ይመጣል፣ ከእናቴ ጋር ቁጭ ብሎ ሽንኩርት ይልጣል። ድሮ አውቶብስ ላይ ትኬት ቆራጭ የነበረ፣ ዛሬ ሽንኩርት ቆራጭ! እሷ ደግሞ ሰኞ ማታ ፀጉሯን ትታጠባለች። ዕውር መሰልኳቸው?

የሆነ ነገር አለ። ዓይኔን አልነቅልም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ያዝኩት! እጅ ከፍንጅ።

ሆን ብዬ ለምሳ ቀደም ብዬ ገባሁ። የእጄን ግራሶ እንኳ አልታጠብኩም። ጃንጥላው የአባቴ ወንበር ላይ ተደላድሎ ያወራል፣ እናቴ በሳቅ ትንፈራፈራለች። የሚያወራው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የአባቴን ወሬ!

ያቺን ወሬ እኔ ከጡት ጋር ነው የጠባኋት። አባቴ ስለ ጦርነቱ ሌላ ምንም አይተነፍስም ነበር፣ እሷን ብቻ። ከግንባሩ ኋላ ያለ ከተማ ነው። የዕረፍት ቀን። ወታደሮቹ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ያለው ምግብ ቤት ይገባሉ። የአገሬው ቋንቋ አይገባቸውም፣ የምግቡን ዝርዝር ማንበብ አይችሉም። አስተናጋጁ ቆሞ ይጠብቃል። ጎናቸው ያሉ መኮንኖች ይሳሳቁባቸዋል። አባቴ ብድግ! ቀጥ ብሎ ኩሽና። የድስቶቹን ክዳን ተራ በተራ እየከፈተ ያሸታል። ምግብ አብሳይዋ፣ በር የምታክል ሴትዮ፣ እጁን በጭልፋ ቋ! እሱ ግን ጭልፋውን ተቀብሏት ሾርባውን ቀመሰ። ዝም አለ። (እዚህ ጋ አባቴ ራሱም ዝም ይል ነበር፣ «እሺ ከዚያስ? ከዚያስ?» ብለን እስክንለምነው።) ከዚያ ጭኑን በጥፊ መትቶ... «ጨው የለውም! አልኳት!» በራሷ ቋንቋ መሰላችሁ? በኛው ነዋ! ገባት። ጨው አንስቶ ራሱ ጨመረበት። ሴትዮዋ ቀመሰች፣ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ የነሱ ቦታ ኩሽናው ውስጥ ሆነ፣ ከመኮንኖቹ በፊት ለነሱ ይወጣል።

ጋራዥ ውስጥ «የማን ልጅ መሰልኩህ?» እያልኩ ያላወራሁለት ሾፌር የለም።

ጃንጥላው ግን «ብድግ አልኩና» ይላል። «ቀመስኩና» ይላል። እሱ! ዝም የሚልበት ቦታ እንኳ ያው ነው። ጭኑን መታ። «ጨው የለውም! አልኳት!»

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከባሏ አፍ የሰማችውን እንደ አዲስ ሳቀችለት።

ዋጥ አደረግኩት። እኔ ሲያስፈልግ ድንጋይ ነኝ። ግን የሙት ወሬ የሰረቀ ሰው ቀጥሎ ምን ይሰርቃል? ወንበሩን? ቤቱን? ... ሚስቱን?

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

አላልኩም? አላልኩም?

ጠዋት ሻይ ስጠጣ መጣችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «ሰውየው እንጋባ ብሎኛል።» ሻዩ አፌ ውስጥ ቀረ።

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ልጄ እሺ ካላለ መልስ የለኝም አልኩት።»

በዚህ ዕድሜዬ እንጀራ አባት! ጢም አብቅዬ!

«ትወጂዋለሽ?» ልላት ነበር። አፌ አልታዘዘኝም። «ጎማ ይጠብቀኛል» ብዬ ወጣሁ። የሚጠብቀኝ ጎማ አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ለየለት።

ዳቦውን ይዞ ገባ። ቁጭ እስኪል ታገስኩት። «ያቺን የድስት ወሬ እስቲ አንዴ ድገምልኝ» አልኩት። ደስ አለው፣ ምስኪን። ጀመረ። ልክ ጭልፋው ጋ ሲደርስ ብድግ ብዬ፦

«ውሸታም! አባቴ ነው የቀመሰው! አንተ የሙት ሌባ ነህ!»

አንተ አልኩት፣ አዎ። ጎረቤት በመስኮት ብቅ አለ። እናቴ «ኧረ ልጄ፣ ኧረ በፈጠረህ» ትላለች።

ጃንጥላው ወደ እሷ አየ። አፉን ከፈተ... ዘጋው። እንደገና ከፈተ። የሆነ ነገር ምላሱ ላይ ነበር፣ እምላለሁ፣ አይቼዋለሁ።

«አባትህ ነው» አለኝ በመጨረሻ። «እሱ ነው ያደረገው። ይቅርታ።»

ጃንጥላውን አነሳና ወጣ።

አመነ! አንድ ቃል ሳይከራከር! እኔ እንዲህ ነኝ፣ ሰው አፌ ፊት አይቆምም።

እናቴ ያቀረበችለትን ሳህን አንስታ በሌላ ሳህን ከደነችው። እኔን አላየችኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

አታናግረኝም። ምሳዬን ታቀርብና ዞር ትላለች። ታኩርፍ። አሸንፌያለሁ።

ግን አንድ ነገር እየበላኝ ነው... ለምን ቶሎ አመነ? ሌባ እንዲህ ነው እንዴ? ባለፈው ካላማዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ሲሰርቅ የያዝኩት ሰውዬ ሸሚዙ ሥር የደበቀው አየሩ ደረቱ ላይ እየተነፈሰበት «እኔ አይደለሁም» ብሎ በእናቱ ምሏል። ይሄኛው ሊያገባ የመጣ ሰው ነው። ሊያገባ የፈለገ ሰው ይከራከራል እንጂ! ይሄ ጸጥ ብሎ ወጣ። ምን ደብቆ ነው?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ምስክር ፍለጋ ሄድኩ። የእናቴን ኩርፊያ በማስረጃ ልዘጋው።

አውቶብስ ማቆሚያው አጠገብ፣ ከበር የማትሰፋ ሱቅ ውስጥ ቁልፍ የሚቀርጽ ሽማግሌ አለ። ከአባቴ ጋር ዘምቷል። ቀብሩ ላይ ከእናቴ በላይ ያለቀሰ እሱ ነው፣ ስለዚህ አምነዋለሁ። በተቻለኝ መጠን።

«የወንድሜ ልጅ! ጎማው ከብዶህ መጣህ?»

«እኔን? ክብደት? ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። ባሕር ማዶ፣ ያ ምግብ ቤት...»

ማሽኑን አጠፋው። ፊቱ በራ። ጭኑን በጥፊ መታና «ጨው የለውም! አልኳት!»

ክው አልኩ።

«ማን ነው ያላት?»

«እኔ ነኛ!»

«አባቴ አይደለም እንዴ?»

«እሱም ነው።»

«ያ ባለ ጃንጥላው ጓደኛችሁስ?»

«እሱም።»

«ጋሼ ይቀልዱብኛል? አንድ ጭልፋ ለስንት አፍ ነው የሚደርሰው?»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የብረት ብናኝ በመዳፉ ሰበሰበ፣ ሰበሰበና መልሶ በተነው።

አራት ነበርን አለ። አራተኛውን ቀጭኑ ይሉት ነበር። እናቱ ምግብ ሻጭ ስለነበረች ድስት ሥር ነው ያደገው። ብድግ ብሎ ኩሽና የገባው እሱ ነው። በጭልፋ የቀመሰው፣ ጨው የጨመረው፣ እሱ።

«የት ነው አሁን?» አልኩት።

«አየህ?» አለኝ። «ይኸው አንተም ጠየቅክ።»

ቀጭኑ ግንባር ላይ ሳሉ ውሃ ልቅዳ ብሎ ወጥቶ አልተመለሰም። ከዚህ በላይ አልነገረኝም። እኔም... እኔ እንኳ አልጠየቅኩም።

«እንደመጣን በሱ ስም ነበር የምናወራው። ሰው ይስቃል፣ ይስቃል፣ ከዚያ ‘ያ ጉደኛ አሁን የት አለ?’ ይለናል። ምን ትላለህ? ሁሉም አንገቱን ይደፋል። በጨው ጀምረን ለቅሶ ላይ እንደርሳለን። አንድ ቀን አባትህ ሰው መሀል ‘ማን ነው ያደረገው?’ ሲሉት ‘እኔ ነኝ’ አለ። ማንም የት አለ አላለ፣ ይኸው ቁጭ ብሏል! እስኪበቃቸው ሳቁ። ከዚያ እኛም ያዝነው።»

«ታዲያ ጃንጥላው ይሄን ለምን አልነገረኝም? ሌባ ስለው?»

ቁልፉን ወደ ብርሃኑ አነሳና ጥርሱን አየ።

«ምን ብሎ ይንገርህ? አባትህ አይደለም ይበልህ? ልጁን?»

በእግሬ ተመለስኩ። አውቶብሱ ባጠገቤ ሲያልፍ አላስቆምኩትም።

ሦስቱ ተመካክረው ቢሆንስ? ... አይ። ለመዋሸት የተመካከረ ሰው ተሰድቦ አይወጣም። አንዲት ቃል ነበረች የቀረችው። ምላሱ ላይ ነበረች። ዋጣት። እኔ ደግሞ አሸነፍኩ ብዬ...

እሁድ፣ ኅዳር 16

ለእናቴ ነገርኳት። ጉድ ትላለች ብዬ ስጠብቅ...

«አባትህ ድስት ሲከፍት አይተኸው ታውቃለህ?» አለችኝ። «ጨው መብዛቱን ማነሱን የሚያውቅ ሰው ነበር? ውሃ አፍልቼ ባቀርብለት ‘እጅሽ ይባረክ’ ብሎ የሚጠጣ!»

ታውቅ ኖሯል! እኔ ብቻ ነኝ ለካ ጅሉ።

«ታዲያ ሲያወራ ለምን ሳቅሽ?»

«አባትህ ከሞተ ወዲህ ያቺን ወሬ አሳምሮ የሚያወራልኝ አጥቼ ነበራ። አንተማ ታበላሻታለህ። ዝም የሚባልበት ጋ ዝም አትልም፣ ሮጠህ ጨው ላይ ትወጣለህ።»

እኔ! ጋራዡን ሙሉ የማስቅ እኔ!

ከዚያ ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ «እጠራዋለሁ ብለህ አታስብ» አለች። «ከቤቴ ያባረርከው አንተ ነህ። መልሰህ የምታመጣውም አንተ።»

ድምጿ ልክ አልነበረም። ሳህኗም ቀድሞ የታጠበች ሳህን ነበረች።

ሰኞ፣ ኅዳር 17

ዛሬ አንድ ሾፌር ጎማው ሲነፋ «ያቺን የአባትህን የጨው ወሬ አምጣት እስቲ» አለኝ። አወራሁለት። አባቴ ነው አልኩ፣ ያውም ደረቴን ነፍቼ። ጭልፋው ጋ ስደርስ ዝም አልኩ። ረጅም። ሰውየው «እሺ፣ ከዚያስ?» ብሎ ከመቀመጫው ተነሳ። ለካ እዚህ ጋ ነው...

ስልክ ልደውል አልኩ። ቁጥሩ አለኝ። ምን እላለሁ? ይቅርታ? ይቺ ቃል አፌ ውስጥ ትዞራለች እንጂ አትወጣም፣ እንደ ዛገ ቡሎን። መልእክት ልጻፍ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። «የተከበሩ» ብዬ ጀመርኩ፣ የቀበሌ ማስታወቂያ መሰለብኝ። አጠፋሁ። ባይመጣስ? ልክ ነው፣ እኔ ብሆን አልመጣም። በዚህ ቤት ደጃፍ አላልፍም። እናቴ ደግሞ ጓዳ ገብታ... ፀጉሯን እየታጠበች ነው። ማንም ሳይጠራላት!

በቃ። በራሴ አማርኛ ጻፍኩት፣ ይሄን ላክሁ፦

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ ጎማ ጠጋኙ። ነገር ሁሉ ገብቶኛል፣ ቁልፍ ቀራጩ ነግረውኛል። የሰደብኩዎት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የኔ ነው። እናቴን አልከለክልም። ነገ ለምሳ ይመጣሉ ወይስ አይመጡም? ዝም እንዳይሉኝ። አሁኑኑ ይመልሱልኝ።»