ጠቅ እስኪል ግፊው

እቴቴ፣
ላፕቶፑን ትቼልሻለሁ፤ ስልጠናሽን ያለሱ አትጨርሺውም።

ቻርጀሩ የሚገባው በግራ በኩል ባለችው ሞላላ ቀዳዳ ነው። ስለላላች ገመዱን በመጽሐፍ ደግፊው። ሰፊዋ የፍላሽ ናት፤ እምቢ ካለሽ ገልብጪው እንጂ አትታገይው። ወፍራሙ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ያገናኘዋል፤ አብረን ፊልም የምናይበት ነው።

የምናይበት ነበር።

ክቧ ቀዳዳ የጆሮ ማዳመጫ ናት። ጠቅ እስኪል ግፊው፤ በደንብ ካልገባ ድምፁ ለቤቱ ሁሉ ይሰማል። ትናንት ከእጮኛሽ ጋር ስታወሪ አልገባም ነበር። እኔ ወጥ ቤት ሳህን እያጠብኩ ነበር።

«እህትሽ መቼ ነው የምትለቅልን?» አለሽ።

ቧንቧውን ዘግቼ መልስሽን ጠበቅኩ።

«እሷ ደግሞ የት አባቷ ትሄዳለች?» ብለሽ ሳቅሽ።

ቁልፉ ምንጣፉ ስር ነው።
ልክ ነሽ እቴቴ፣ መሄጃ የለኝም።
ግን ሄጃለሁ።