ከባሕር በፊት የነበሩትን ወንዞች የፈለጉት መምህር ደቻሳ ቱፋ

መምህር ደቻሳ ቱፋ ከአባታቸው ከኦቦ ቱፋ ኦልጅራና ከእናታቸው ከወይዘሮ እንግዳወርቅ ደግፌ ጥር 6 ቀን 1952 ዓ.ም. በጊንጪ ከተማ ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን በአምቦ ተምረው በ1976 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጂኦሎጂ ተመረቁ። በጎጆ ከተማ፣ ኋላም በአምቦ፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጂኦግራፊ አስተማሩ። ትዳር አልመሠረቱም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎጆ በስተሰሜን ወዳለው ገደል ብቻቸውን ይወርዱ ነበር።

በገደሉ ሥር ቀይ የአሸዋ ድንጋይ አለ፤ ከበላዩ የባሕር ዛጎል ያለበት የኖራ ድንጋይ ተነጥፏል። እሳቸው እንደሚያስረዱት፣ አሸዋውን በየብስ ላይ ያከማቹት ወንዞች ናቸው። ያን ጊዜ አፍሪካ ከሌሎች አህጉራት ጋር አንድ ምድር ነበረች። ምድሩ ተሰንጥቆ ዝቅ ሲል ወንዞቹ ወደ ስንጥቁ ፈሰሱ፤ ውቅያኖስ ሲከፈት ደግሞ ባሕር ገብቶ አሸዋውን ሸፈነው። ይህን ለማረጋገጥ፣ ድንጋዩን ከቦታው ከማንሳታቸው በፊት የንብርብሩን ዘንበል አይተው ወንዙ የፈሰሰበትን አቅጣጫ በቀለም ቀስት ይሥሉበታል። ቀስቱ ከጠፋ ድንጋዩ ምስክር መሆኑ ይቀራል። በአሥራ አንድ ዓመት ሁለት መቶ ያህል ሰብስበው አምቦ ቤታቸው ጓሮ ደረደሩ።

በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. እኅታቸው ወይዘሮ ጋዲሴ ሲያርፉ ለቅሶው እሳቸው ቤት ሆነ። እኛ ዘመዶቻቸው ጉልቻ ስንፈልግ ድንጋዮቹን አገኘን። ቀለሙ ቆሻሻ መስሎን በሳሙና ፈትገን አጠብናቸው። በተረፉትም የድንኳኑን ገመድ አሰርንባቸው። መምህር ደቻሳ ከለቀስተኛው መካከል ተቀምጠው አዩ። ሦስቱን ቀን ለቀስተኛ ሲያስተናግዱ ዋሉ። ኋላ የሥራ ባልደረባቸው ነገሩን አስረድተውን ይቅርታ ስንጠይቃቸው፣ «ተዉት፣ ለጋዲሴ ነው የዋለው» ብቻ አሉን።

በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው፣ ድንጋዮቹን ላነሱበት ለእያንዳንዱ ቦታ በደብተር አንድ ገጽ መድበው፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ከእኛ ወገን አንድ ቀን እንኳ አብሯቸው የወረደ የለም። በ2015 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታሞ አልጋ ሲይዙ ሠላሳ አንድ ቦታ ቀርቷቸው ነበር። አቅጣጫውን አልረሱትም፤ የእያንዳንዱን ቦታ ይነግሩን ነበር። እንጻፍልዎት ስንላቸው ግን፣ «አስታውሳለሁ እንጂ ድንጋዩን ይዤ ማሳየት አልችልም» ብለው ከለከሉን።

ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ወንድማቸው ኦቦ ለሜሳ ቱፋ፣ የእኅታቸው ልጅ ሃዊና ሌሎች የወንድምና የእኅት ልጆች ሐዘንተኞች ናቸው። ደብተራቸው ሠላሳ አንድ ገጹ ባዶ እንደሆነ በእጃችን ነው፤ አንድም መስመር አልጨመርንበትም።

ብቻቸውን የተመላለሱትን ዘመዳችንን አምላክ ደጋጎቹ ካሉበት ያኑርልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።