የአባባ ግራ ጎን

ሰኞ

ዛሬም አባባ በግራ ጎኔ አልተኛም አሉ። «ጀርባዬን ለቂብላ ሰጥቼ? ወላሂ አላደርገውም!» ግማሽ አካላቸው ከከዳቸው ሦስተኛ ሳምንት ነው፤ እልሃቸው ግን አንድ ቀን እንኳ አልታመመም።

«ወደ መካ መዞር በሰላት ሰዓት ብቻ ይበቃል አባባ» ብላቸው፣ «ሞት ሰዓት ጠብቆ ነው የሚመጣው?» አሉኝ። እኔ ደግሞ ነርስ ነኝ፤ የምሠራበት ኮምቦልቻ ክሊኒክ ውስጥ በአልጋ ቁስል አጥንቱ የታየ ዳሌ አይቻለሁ። ፈቃዴ እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው።

ማክሰኞ

ጉሙ ቤት ድረስ ገብቷል። ቧንቧ ውሃ ሰፈራችን አይታይም፣ ደሴም የለች። እኛና አልጋው ብቻ ቀርተናል።

ሁለት ሰዓት በቀኝ። አራት ሰዓት በጀርባ። ስድስት ሰዓት በቀኝ። ግራ ባዶ ነው።

ከሰዓት ቀበሌ ስብሰባ ጠራን። ካልሄድን ስኳር የለም፤ አባባን ለጎረቤት አደራ ብለን ከእማ ጋር ሄድን። ጓድ ሊቀመንበሩ ሲናገሩ ሸለብ አደረገኝና ደሴን በሙሉ ከነተራራዋ ሳገላብጥ አየሁ። ስንመለስ አባባ እንደተውናቸው በቀኝ ጎናቸው ናቸው። አባባ እንደ የመናዊ አያታቸው ቀይ ስለሆኑ ወዲያው ታየኝ፤ ዳሌያቸው ላይ የሳንቲም ያህል ቀልቷል። በጣቴ ተጫንኩት። አልነጣም። ደሙ እዚያ ቦታ መመላለሱን ትቷል ማለት ነው።

ረቡዕ

እማ የቀላውን ልታሽ ቅቤ ይዛ መጣች። «ተይ እማ፣ አይነካም!» ብዬ ጮህኩባት። ምን አፍ አለኝ? እኛም በስፒሪት እሹ ተብለን ነው የተማርነው። ክሊኒክ የአንዱን ታማሚ አንድ ተረከዝ አሽቼ ሌላውን ተውኩት፤ የቆሰለው ያሸሁት ነው። ከዚያ ወዲህ አላሽም።

ለእማ የነገርኳት፦ አንሶላው እርጥብ እንዳይሆን። መጎተት የለም፣ ማንሳት ነው። ከጉልበታቸው መሀል ትራስ። በየሁለት ሰዓቱ ማዞር። ግራውንስ ማን ያሳምናቸው!

ሐሙስ

ከምሳ በኋላ አባባ በሕልማቸው ቢስቲማ ገበያ ናቸው፤ በደህና እጃቸው ጨርቅ ይለካሉ። እኔም እግራቸው ሥር ጋደም አልኩ። ስነቃ የሰሜኑ መስኮት ፊት ለፊቴ ነው፤ የቂብላው። የት እንዳለሁ ጠፋኝ። በግራ ጎኔ ነው የተኛሁት! ራሴ በግርጌ በኩል ነበራ።

ያ አላህ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ! በግራ ሲሆን ትራሱን ወደ ግርጌ ማዞር፣ በቀኝ ሲሆን ወደ ራስጌ መመለስ ብቻ ነበር።

ከእማ ጋር አንስተን ራሳቸውን ወደ ግርጌ አደረግን፤ በግራ አስተኛናቸው። መስኮቱን አዩት። «ይኼን ያህል ተምረሽ፣ ዛሬ ነው የገባሽ?» አሉኝ። ስቄ ሞትኩ።

ዓርብ

ጠዋት ተጫንኩት። ዳር ዳሩ ነጣ፤ መሀሉ ገና ነው። ቆዳው ግን አልተከፈተም፣ አልሐምዱሊላህ።

ነገ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። እማ ሰዓቱን ትረሳ ይሆን? ወገቧስ? ጎረቤታችን በማንሳት አግዛታለሁ ብላለች። ይህን ስናወራ አባባ የተኙ መስሎኝ ነበር።

«ዘሀራ» አሉ፣ ከታመሙ ወዲህ በተሳሰረ አንደበታቸው። «አትስጊ። አሁን ሞት በየትኛውም ጎኔ ቢመጣ ፊቴ ወደ ቂብላ ነው። እስኪመጣ ሰዓቱን እኔው እጠራላቸዋለሁ።»

ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ስመለስ «ስምንት ሰዓት አልሆነም?» አሉኝ። ሆኗል፤ አሥር ደቂቃ አሳልፌአለሁ።